የጣናን ዳር መንገድ ስጠይቅ

ጉልበቴ ከሳይክሌ ሰንሰለት በላይ መንጫጫት በጀመረበት ዕድሜ የጣናን ዳር ይዤ ለቀናት ሳይክል ልነዳ ተነሣሁ። ሰው ሳይስቅብኝ ቀድሜ ራሴ ስቄያለሁ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የብቸና ሰው ነኝ። ስለ ባሕር ጠረፍ፣ ስለ ሰርጥ፣ ስለ ባሕረ ገብ መሬት ለትውልድ ለፍልፌያለሁ፤ ጣናን ያየሁት ግን ለሕክምና ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው፤ ያውም መጋረጃው በተዘጋበት በኩል ተቀምጬ።

ሐሳቡ የኔ ብቻ አልነበረም። ሞጣ ተመድቤ ሳስተምር የተወዳጀሁት አንድ ጨርቅ ነጋዴ አለ። በወጣትነታችን ዓርብ ከስግደት ሲመለስ እሱ ሱቁን ለወንድሙ፣ እኔ የማላርመውን ደብተር ለቅዳሜ ትተን ሳይክል እንነዳ ነበር። ዘንድሮ ሐኪም አየውና የዓይን ግፊት ነው አለው። ከዳር ከዳር እየጨለመ ወደ መሀል ይመጣል፤ የጠፋውም አይመለስም። ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ጨርቅ እየለካ እንደሚያወራ ሰው የረጋ ነበር።

«መሀሉ ሳይዘጋ፣ ማዶው የማይታይ ውሃ አንድ ጊዜ አሳየኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝግጅት ብቻ ሆነ። ጎማ አስቀየርኩ፤ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የጭነት ማሰሪያ ቆረጥኩ። ድርቆሹና በሶው በኔ፣ ተምሩና አጎበሩ በእሱ ሆነ። አንዱን ማታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ሌላውን መስጊድ ግቢ እናድራለን፤ ሁለቱም ቢያባርሩን ትንኙ ይቀበለናል ተባባልን። ዓርብ ከብቸና ተነሥቼ ደብረ ወርቅ አድሬ፣ ቅዳሜ ሞጣ እገባለሁ። እሱ ደግሞ ከከተማ ወጥቶ መንገድ ላይ ሊቀበለኝ ነው። ቤትህ ጠብቀኝ ብለው፣ ይህን ያህል አገር አቋርጦ የሚመጣን እንግዳ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ወይ ብሎ ተቆጣኝ። እስከ ሞጣ ያለውን መንገድ እኔ፣ ከሞጣ ወዲያ ያለውን እሱ ሊያጣራ ተከፋፈልን።

መናኸሪያ እየሄድኩ ሾፌሮቹን ያዝኳቸው። የትኛው ድልድይ ሰፊ ነው? ኬላው የት የት ነው? በጎን የሚዞር የእግር መንገድ አለው? ማታ ማታ ሰው የሚበዛው የት ነው? አቀበት ለመሸሽና ማደሪያ ለማግኘት ነበር። ጦርነቱ መንገዱን በየኬላው በያዘበት ጊዜ ይህን የሚጠይቅ ወይ ቂል ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው። እኔ ቂልነቴን አገር ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሾፌሮቹ ይስቁ ነበር። ቀጥሎ እኔ ስጠጋ ሞተር ማስነሣት ጀመሩ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ዝናዬ የወጣ መስሎኝ ጸጉሬን ዳበስ አደርጋለሁ፤ ጸጉር ከተባለ። ባለቤቴ መንገድ መጠየቄን እንድተው ለመነችኝ። ለምን ብላት፣ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች ግቢያችን ገቡ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ የመጠየቅ አመሌም በዚያች ሰዓት ጥሎኝ ሄደ።

«አባባ፣ ድልድዩን ለምን ፈለጉት?» አለኝ አንደኛው።

ልሻገርበት ነው አልኩ። አልሳቁም። የጣናን ነገር፣ የወዳጄን ዓይን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሌላኛው ሳይክሉን ዞሮ አየው፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ።

«ሳይክል ጥሩ ነው» አለ ለጓደኛው። «ድምፅ የለውም።»

ሳይክሉ ከግቢ እንዳይወጣ አዘዙኝ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ያደነቆረው አፌ «እሺ ልጆቼ» ብቻ አለ። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ቆም ብሎ፣ ሞጣም አንድ ሰው እንዲሁ እየጠየቀ ነው መባሉን ነገረኝ።

ቅዳሜ ያ ሰው በዚያ ዓይኑ ሳይክል ይዞ ሊቀበለኝ ይወጣል። ኔትወርክ ከሄደ ሰንብቷል። አትውጣ ብሎ የሚነግርልኝ ፍለጋ መናኸሪያ ሮጥኩ፤ ሩጫ ካሉት። የለመንኩት ሾፌር ሁሉ ፊቱን አዞረ። አንዱ ብቻ አዘነልኝና፣ «ጋሼ፣ የእርስዎን ቃል ይዤ ኬላ አላልፍም» አለኝ። ሐሙስና ዓርብ መኪና የሚባል አልተንቀሳቀሰም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አውቶቡስ ሲነሣ ራሴው ተሳፈርኩ። ሰው ቆሞ እየሄደ እንኳ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ተጓዘ።

ሞጣ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ አስወረዱን። ከመንገዱ ዳር ሳይክል ተጋድሟል፤ ተምሩ አፈር ላይ ተበትኗል። ወዳጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በጎኑ በኩል፣ እጄን ብዘረጋ ልነካው በምችልበት ቦታ ቆሜ ነበር፤ አላየኝም።

መሣሪያ የያዘው ልጅ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ ይህን ሰው የሚያውቅ ካለ ጠየቀ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁ። እንደዚያን ቀን መሬትን አጥንቼ አላውቅም፤ አስተማሪዋ እያለሁ እንኳ።

«እንግዳ ልቀበል ነው የወጣሁት ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አለ ወዳጄ።

«እንግዳው ማን ነው?»

ወዳጄ እግሩ ሥር የተበተነውን ተምር በእጁ ይዳብስ ጀመር። ስሜን ሊጠራ አፉን እንደማይከፍት ገባኝ። ልጁ ክንዱን ይዞ ሊያስነሣው ጎንበስ ሲል፣ «እንግዳው እኔ ነኝ» የሚል የቀጠነ ድምፅ ሰማሁ። የኔ መሆኑን ያወቅኩት ሰው ሁሉ ሲዞርብኝ ነው። ወዳጄም ዞረ፤ ግን ወደ ሌላ ሰው።

አውቶቡሱ ትቶኝ ሄደ። ለየብቻ አስቀምጠው እኔን የጠየቁትን እሱን፣ እሱን የጠየቁትን እኔን እየጠየቁ ፀሐይ አዘነበለች። መልሳችን ተመሳሰለ፤ ቂልነት ለመመሳከር አይቸግርም። በመጨረሻ በእግራችን እንድንሄድ፣ ወደ ኋላም እንዳንመለከት ነገሩን። ሳይክሉ እዚያው ቀረ።

ትከሻዬን ይዞ ተከተለኝ። ጠጠር ባገኘ ቁጥር ይደናቀፋል። በስልክ ከነገረኝ ይልቅ ብዙ ጨልሞበታል። በዚህ ዓይኑ እስከዚያ እንዴት ነድቶ እንደመጣ አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ ትቻለሁ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው አይመጣም።

አንድ ቦታ ላይ ጠጠር ከጫማው ሊያራግፍ ለቀቀኝ። ቀና ሲል ፊቱን ወደ ባዶው ማሳ አድርጎ፣ እዚያ የቆምኩ መስሎት፣ «እንግዲህ ጣናን ለሚመጣው ሳምንት እናዛውረው» አለ።

ዞሬ ማሳው ውስጥ ገባሁና ፊቱ በዞረበት በኩል ቆሜ፣ «እናዛውረው» አልኩት።