ጋሽ ፊሽካና የቀረችው ሜዳ

የስፖርት አስተማሪውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ተማሪውም መምህሩም ጋሽ ፊሽካ ነው የሚለው። በጎረምሳነቱ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቀጠር ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ረድፍ ክፍልና ሜዳ ብቻ ነበር። ሜዳ ሲባል ደግሞ ዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ኳስ ሊያመጣ የተላከ ተማሪ ክፍለ ጊዜው አልቆ ነበር የሚመለሰው።

ከዚያ ከተማው አደገ፣ ተማሪው በዛ። መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ የመረብ ኳሱን ቦታ ወሰደ፤ ቀጥሎ ቤተ ሙከራው የርዝመት ዝላዩን አሸዋ። የተሠራው ሁሉ "አዲሱ ሕንፃ" ይባልና ስሙ እንደዚያው ይቀራል፤ ግድግዳው የተሰነጠቀው እንኳ እስከ ዛሬ "አዲሱ" ነው። እንግዳ ተማሪ ክፍሉን ሲጠይቅ "አዲሱ ሕንፃ ጋ" ይሉትና ሲዞር ይውላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ግቢ ግን በእግሩ የሄደው ሜዳው ነው። በየጊዜው "ለልጆቹ እኮ ነው" ሲሉት ጋሽ ፊሽካ እሺ ብሏል። ለልጆች ከተባለ ማን ይከራከራል? እሺ ማለትም ግን ያደክማል።

አሁን የቀረችው ግማሽ የኳስ ሜዳ የማትሞላ ቦታ ናት። ርዕሰ መምህሯ መምህራኑን አዳራሽ ሰብስባ፣ "እሷ ላይ ፎቅ ልንሠራ አስበናል። የስፖርት ክፍሉ እምቢ ካለ ግን አንነካትም" አለች። የስፖርት ክፍሉ ማለት እሱ ብቻውን ነው።

ሴት ልጁ እዚያው ሒሳብ ታስተምራለች፣ ክፍል ስለጠፋ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው እየጮኸች ስታስተምር ድምፅዋ ተዘግቶ ከርሟል። ራት ላይ ጨው እንኳ በጣቷ እየጠቆመች ስትጠይቅ አንጀቱን ትበላዋለች።

"እንግዲህ የምትስማሙ እጅ አውጡ" አለች ርዕሰ መምህሯ።

ጋሽ ፊሽካ ማንንም ሳያይ እጁን አወጣ። ሌላው ተከተለው። ቀና ሲል አዳራሹ በተነሣ እጅ ተሞልቷል፤ አንዲት ሴት ብቻ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ልጁ ናት።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። "አንቺ ልጅ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው!"

"መቼ ጠየቅኩህ አባዬ?" አለች በሻከረ ድምፅ። "ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ተጣብበው ውለው እጅ እግራቸውን የሚዘረጉት አንተ ጋ ሲመጡ ነው። ዳሱን እኔ እችለው ነበር። ዛሬ እንኳ እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ዛሬ እንኳ።"

ላንቺ ብዬ ያለው እውነት መስሎት ነበር። እጁን ሲያወጣ ግን ስለ እሷ ማሰቡን እንጃ፤ ስብሰባው አልቆ ቤቱ መግባት ነበር ያማረው። አፈረ።

"ደክሞኝ ነው፣ ልጄ" አላት።


"አውቃለሁ" አለችው፤ እሱን ግን አላየችውም።