ኩሬውን ያለበስኩት ሸራ

ሠላሳ ዓመት ገደማ የውሃን ዑደት ሳስተምር ኖሬ ውሃ በእርግጥ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሸዋ ሮቢት በማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያንኑ ሥዕል እስል ነበር። ከባሕር ወደ ደመና አንድ ቀስት፣ ከደመና ወደ ተራራ አንድ ቀስት፣ ከዚያ ወደ መሬት ውስጥ የምትገባ አንድ ቀጭን ቀስት። ያቺን የመጨረሻዋን «ስርገት» ብዬ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰምርባታለሁ። እሷ ላይ የተሳሳተ ተማሪ ከእኔ ምሕረት አያገኝም ነበር።

ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ያላት ቁራሽ መሬት ላይ ቤት ሠርተን ገባን። እሷ ከዕቃው ሁሉ በፊት ጋሪ ላይ የጫነችው ሃያ አራት የብርቱካን ችግኝ ነበር። አባቷ አሊዩ አምባ ከተማ ባለው ጓሯቸው ውስጥ አንድ ያረጀ ብርቱካን ነበራቸው። እሳቸው በሞቱ በዓመቱ ዛፉም ደረቀ። እሷ ግን አስቀድማ ፍሬውን ለቅማ፣ ዘሩን አፍልታ፣ ችግኝ አድርሳ ነበር። ከዚያ ዛፍ የተረፈ ሌላ ነገር የለም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁትም ይህን እያወቅሁ ነው።

የቆላው ኑሮ እንዲህ ነው፦ ክረምት ላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በደጅህ እያጓራ ያልፋል፤ በጋ ላይ ደግሞ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ጋሪ ይዘህ ወንዝ ትወርዳለህ። ስለዚህ ኩሬ ቆፍረን ጎርፉን ልናስቀርና ችግኞቹን እስከ በልግ ልናጠጣ ተስማማን። ጎረቤቶቻችን በደቦ መጡ፤ ዱዓ ተደረገ፤ በሁለት ቀን ጉድጓዱ አለቀ። ከጎናችን የሚኖሩት አዛውንት ጠርዙ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ቆዩና፣

«እንግዲህ ቲቸር፣ መቆፈሩንስ ተቆፈረ። ምን ልታለብሰው ነው? አፈራችን እንደሁ ውሃ አይቋጥርም፣ ወላሂ» አሉኝ።

አካፋዬን ተደግፌ ስለ አፈር ዓይነቶች ማብራራት ጀመርኩ። ሰዎቹ ለይሉኝታ ያህል ትንሽ ሰሙኝና ወደ ምሳቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የጉድጓዱን ጠርዝ ሳስተካክል ውዬ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስመለስ፣ ደጃችን ያለው የቁርቁራ ዛፍ ላይ ከረጢት የመሰሉ ሦስት ነገሮች ተንጠልጥለው አገኘሁ። ሦስቱም ውሃ ይዘዋል። ከየሥራቸው መሬቱ ላይ አመድ ተነስንሷል። ሚስቴ የወፍ ማስፈራሪያ የሠራች መሰለኝ። አንድ በአንድ አወረድኩና በውሃው እግሬን ታጠብኩ። ደጁ አመድ በአመድ ሆኖ ማየቱም ደስ ስላላለኝ መጥረጊያ አንስቼ ጠረግሁት። ንጽሕና የምወድ ሰው ነኝ።

ባለቤቴ ከገበያ ተመልሳ መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥላ የጠራውን እግሬን አየች።

«እዚህ የሰቀልኩትስ?»

«አወረድኩት። ወፍ እንደሱ ያለውን አይፈራም።»

«የምን ወፍ? ከሱቅ ቁራጭ ለምኜ ያመጣሁት እኮ ነው! አንዱ ስስ ላስቲክ፣ አንዱ ወፍራሙ ጥቁር፣ አንዱ የመኪና ሸራ። የትኛው እንደሚያንጠባጥብ አመዱ ይነግረኛል ብዬ ነው። አመዱን አላየኸውም?»

«አየሁት» አልኩ። «ጠረግሁት።»

በዚያች ሰዓት ይቅርታ ብዬ ቁራጮቹን መልሼ ብሰቅላቸው ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ነገሩ፣ በአመድ ላይ የተመሠረተ ምርምር ሳይንሳዊ እንዳልሆነ አስረዳኋት። እሷ በማግሥቱ እህቷ ወልዳ ካራቆሬ መሄድ ነበረባት። ባጃጅ ውስጥ እግሯን ካስገባች በኋላ ዞር ብላ፣ «እስክመለስ ምንም እንዳትገዛ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ባጃጁ ከዓይኔ እንደተሰወረ ወደ ከተማ ወጣሁ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ጎርፉ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ስትመለስ ሙሉ ኩሬ አሳይቼ አፏን ላስይዛት ፈልጌ ነው።

ሸራና ላስቲክ የሚሸጠው ባለ ሱቅ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። የምፈልገውን ስነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ለኩሬ ከሆነ ወፍራሙን ጥቁር ይውሰዱ። ሙሉውን ከአዲስ አበባ ነው የምናስመጣው፤ አምስት ስድስት ቀን ይታገሡኝ። ይሄ ሸራ የጭነት ነው» አለኝ።

በሱቁ በር በኩል አስፋልቱ ይታያል። ወደ ደሴ የሚወጡት ከባድ መኪናዎች ሸራቸውን ወጥረው ያልፋሉ። ጣቴን ቀሰርኩባቸው።

«እስቲ ንገረኝ፣ ያ መኪና ዝናብ ላይ ሲነዳ ውሎ እህሉ ይረጥባል?»

«አይረጥብም።»

«ታዲያ ከላይ የወረደውን ውሃ ያላሳለፈ ሸራ፣ ከላዩ የተኛውን ያሳልፋል?»

«እዚያ እኮ ዝናቡ ፈሶ ይወርዳል፣ ቲቸር። እዚህ ግን ውሃው ስድስት ወር ሊተኛበት ነው።»

«አንተ ድሮም ስርገት ላይ ነበር ነጥብ የምታጣው» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ሊሸጥልኝ ያልፈለገውን ዕቃ በግድ ገዝቼ ወጣሁ። አንዱ ሸራ ለጉድጓዱ ስላልበቃ ሁለቱን ድንኳን ሰፊ ዘንድ ወስጄ አንድ ላይ አሰፋኋቸው። መርፌ በወጋ ቁጥር ቀዳዳ እንደሚተው ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ጂኦግራፊ ብቻ ነው የተማርኩት።

ሸራውን ድንጋዩን እንኳ ሳልለቅም አነጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጎርፉ መጣና ኩሬው ጢም አለ። ባለቤቴ ስትመለስ ጠርዙ ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። ውሃውን አየች፣ ሸራውን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ አንድ መስመር ተከተለች።

«የተሰፋ ነው እንዴ?»

«ድርብ ስፌት ነው» አልኳት በኩራት።

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ኩሬ ያልኮራሁበት ቀን አልነበረም። መንገደኛ እየጠራሁ አሳየሁ፣ በስልኬ ፎቶ እየተነሳሁ ለድሮ ባልደረቦቼ ላክሁ። ምልክት የጫርኩበት ረጅም እንጨት መሐሉ ላይ ተክዬም በየጠዋቱ ልኩን ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። ዝናቡ ሲያቆም ግን ልኩ ይወርድ ጀመር፤ አንድ ቀን ስንዝር፣ በማግሥቱም ስንዝር።

«ትነት ነው» አልኩ። «የይፋት ፀሐይ ቀላል መሰለሽ?»

ፀሐዩን ለመከላከል የማሽላ አገዳ እየተሸከምኩ ኩሬው ላይ ዳስ ጣልኩ። ጎረቤታችን አዛውንት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ቲቸር፣ ለውሃም ሠርግ ትደግሳለህ?» አሉኝ። ልኩ መውረዱን ቀጠለ። ትነት ነው ማለቴን እኔም ቀጠልኩ።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ውሃ ሞልታ ኩሬው አጠገብ አኖረች። ከሰል አንስታም የውሃው ልክ ላይ ምልክት አደረገች። በሦስተኛው ቀን ጠርታ አሳየችኝ። ሳፋው በሦስት ቀን አንዲት ጣት ታክል ጎድሏል። ኩሬው ከክንድ በላይ ወርዷል።

«ሳፋው ላይ ፀሐይ አይወጣም?» አለችኝ።

በዕድሜዬ ሁሉ ስሥላት የኖርኩት ያቺ ቀጭን ቀስት ከእግሬ ሥር ነበረች።

ጥቅምት ሳይጋመስ ኩሬው ውስጥ ጭቃና አንድ የጠፋ ጫማዬ ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ጋሪ ተከራይቼ፣ አንዳንዴም ጀሪካኑን በትከሻዬ ተሸክሜ ከወንዝ ውሃ አመላለስኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ለሃያ አራት ችግኝ ግን አልበቃ አለ። ቅጠሎቹ መጀመሪያ ተጠቀለሉ፣ ቀጥለው ረገፉ። ባለቤቴ የደረቁትን ከሥራቸው ነቅላ አንድ ጥግ ትከምራቸው ነበር። አንድ ቀን ሳታየኝ ከኋላዋ ደረስኩ። ከክምሩ አንዷን አንስታ ግንዷን ሰበረችና አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋቻት። ከዚያ ሌላዋን ሰበረች። አሁንም አሸተተች።

«አሁንም የአባዬን ጓሮ ይሸታል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። አንድም ቀን አልሰደበችኝም። ቤታችን ውስጥ ስለ እራትና ስለ ጨው ካልሆነ ወሬ የሚባል ጠፋ። በልግ ሲገባ የተረፉት ችግኞች ሰባት ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት ሳይደርስ ቁርቁራው ላይ እንደገና ሦስት ከረጢት ተሰቀለ፤ ከሥራቸውም አመድ ተነሰነሰ። እኔ ደጁን ስጠርግ ዙሪያውን ብቻ ነበር የምጠርገው። ከሸራው ሥር ያለው አመድ በማግሥቱ ረጠበ። ስሱ ላስቲክ ጥቂት ቀን ችሎ ፀሐይ ሲያገኘው ተሰነጠቀ። ከወፍራሙ ጥቁር ሥር ያለው አመድ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደደረቀ ቆየ። ባለ ሱቁ ዘንድ የሄደችው እሷ ናት። እኔ ውጭ ቆሜ መኪና ስቆጥር ነበር።

ደቦው ሲመጣ አዛዧ እሷ ሆነች። ድንጋይና ሥር አስለቀመች፣ የተነፋ አፈር አስደለደለች፣ ከላዩ ገለባ አስነሰነሰች፣ የላስቲኩን ጫፍ ዙሪያውን በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አስቀበረች። እኔ አፈር ነፋሁ።

«ቲቸር ዛሬ አሞታል እንዴ? ድምፁ የለም» አሉ አዛውንቱ።

«ትምህርት ላይ ነኝ» አልኳቸው።

ያኛው ሸራ ለጥላ ይሆናል ተብሎ ስፌቱ ተተረተረና አንደኛው ወገን በአራት እንጨት ላይ ተወጠረ። ሥራው አልቆ ከሥሩ ዱዓ ላይ እንደተቀመጥን ዝናቡ መጣ። የይፋት ዝናብ ሲመጣ ጠይቆ አይመጣም። ሸራው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት እንኳ አልቻልንም። ዱዓውን ሊመሩ ከሌላ ቀበሌ የመጡት ሼኽ ቀና ብለው ሸራውን መረመሩ፣ ደረቁን ጋቢያቸውን ዳሰሱ።

«ማሻአላህ! ጠብታ አላሳለፈም እኮ። ማነው እንዲህ ያለውን ሸራ የመረጠው?»

ሁሉም አቀረቀረ። አዛውንቱ ጎረቤቴ በድንገት ሳል ያዛቸው። እኔ ወደ ሰባቱ ችግኞች እያየሁ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ተመኘሁ።

«ቲቸር ነው፣ ሼኽ» አለች ባለቤቴ። «ለኩሬ ብሎ።»

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። ሼኹም ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። እሷ ግን ከሁሉም ብሳ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማሁ አንድ በጋ ሙሉ አልፎ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን እርጥብ ነበር፣ እዚያ ሸራ ሥር ደግሞ በዝናቡ ላመካኝ አልችልም።

ዝናቡ ሲያባራ ኩሬው ግማሽ ደርሶ ነበር። ምልክት የጫርኩበትን እንጨት አንስታ ሰጠችኝ። «በል፣ ለካ» አለችኝ።

እንጨቱን ተክዬ ተመለስኩና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ከጓዳ ሳፋዋንና አንድ ቁራጭ ከሰል አወጣሁ።