የአርሊስ ቫንቹራ ማኅተም

አርሊስ ቫንቹራ ለገዛ ወንድሟ እንኳ የማትራራ ሴት ናት። አንድ ጊዜ ወንድሟ አሮጌ መኪናውን ሊሸጥ የስም ማዛወሪያውን ወረቀት ይዞ ቢሮዋ መጣ። የእሱም የሚስቱም ፊርማ አለ፤ የቀረው የእሷ ማኅተም ብቻ ነው።

"ሚስትህ የታለች?" አለችው።

"ቤት ናት።"

"እንግዲያው በፊቴ አልፈረመችም። ሂድና ይዘሃት ና።"

"ኧረ አርሊስ! ፊርማዋን ታውቂው የለም እንዴ?"

"አውቀዋለሁ። ስትፈርም ግን አላየሁም።"

ሰውዬው ሁለት ዓመት ሙሉ ለምስጋና በዓል ቤቷ ድርሽ አላለም። እሷም አልተጸጸተችም።

በከተማችን ሰነድ የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኢንሹራንስ ቢሮውን ብቻዋን ይዛለች፤ ማኅተሙን ግን ለማንም በነጻ ነው የምትመታው። ገበሬ ከጭቃ ጫማው ጋር ይግባ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይምጣ፣ መታወቂያ አይታ፣ ቀኝ እጅ አስነስታ፣ አስምላ ነው። እኔ ሮንዳ ፊት ለፊቷ ስኖር ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ግትር ናት፤ በሽተኛ ስትጠይቅ እንኳ ሰዓት ታያለች። ግን ዋሸች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ከእሷ ጋር ሆድና ጀርባ ሆንን። በግዛታችን በኔብራስካ፣ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርቡ ፊርማ የሚሰበሰብባቸው ሁለት ወረቀቶች ወጡ። አንዱ፣ ጽንስ ማቋረጥ የሴቲቱ መብት ነው ተብሎ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ የሚል፤ እሱን የማስፈርመው እኔ ነኝ። ሌላው፣ ከሦስት ወር እርግዝና በኋላ መከልከሉ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ የሚል፤ እሱን የምታስፈርመው አርሊስ ናት። ከአውራጃችን ሁለት መቶ አሥር ስም ያልሞላለት ወረቀት አውራጃው አይቆጠርለትም። በነጻነት በዓል ዋዜማ ማስረከብ አለብን።

እሷ ግቢዋ ውስጥ ሰሌዳ ተከለች፤ እኔ ከእሷ የሚበልጥ ተከልኩ። እሷ ሁለተኛ ጨመረች። ቆሻሻ ልታወጣ ስትወጣ እኔ ዞር እላለሁ፤ እኔ ስወጣ እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አራት ወር እንዲህ ከረምን። እውነቱን ልናገር፣ ናፍቃኝ ነበር፤ ቢሆንም ማን ይቅደም!

ጥፋቱ የጀመረው በሰኔው የከተማ በዓል ነው። ሁለታችንም አደባባዩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተናል። እኔ ከትልቁ ዛፍ ሥር ነበርኩ። ልጄ ሼልቢ ከሥራ ስትወጣ መጥታ እንድትፈርም "ዛፉ ሥር ነን፣ ቶሎ በይ" ብዬ ደወልኩላት። ጥላው ዞረ፤ እኔ ጥላውን ተከትዬ ወዲያ ተሻገርኩ፤ አርሊስ ደግሞ የለቀቅኩትን ቦታ ያዘችው። የሙዚቃው ጩኸት አይጣል ነው። ሼልቢ በጥድፊያ መጣች፣ በሰልፈኛው መሀል ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ዛፉ ሥር ያገኘችው ወረቀት ላይ ፈረመች፣ ሄደች።

በማግስቱ ራት ላይ አርሊስ ቦታዬን እንደያዘችብኝ ሳወራ ፊቷ አመድ መሰለ። "እማዬ፣ የማን ወረቀት ላይ ነው የፈረምኩት?"

ልጄ ከዓመት በፊት አምስት ወር ሊሞላት ሲል የሽርት ውኃው ፈሰሰባት። ሕፃኑ እንደማይተርፍ ተነግሯታል። ሐኪሞቹ ግን ሕጉን ፈርተው፣ ትኩሳት እስኪያንቀጠቅጣት ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ለጥቂት ነው የተረፈችው! እኔ ከዚያ በፊት ፖለቲካ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ወረቀት ይዤ ሰው በር ማንኳኳት የጀመርኩት ለዚህ ነው። አሁን ስሟ የት ላይ ሰፈረ? ጉድ በሉ!

ስም ማስፋቅ ይቻላል፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ግን ይጠይቃል። ማኅተሙ ያለው አርሊስ ጋ ነው። "ሌላ ከተማ እንሂድ" አልኳት። "ደግሞ ያቺን ደጅ ልጥና?"

"እኔ ምን አጠፋሁ? ዓይኔን እያየች ትምታልኝ" አለች ሼልቢ።

ቢሮዋ ስንገባ አርሊስ ፊርማዎቹን እየቆጠረች ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ደርሶላታል። አራት ወር በእግሯ ዞራ ነው ያገኘችው፤ ጉልበቷ ደግሞ ያማታል። ሼልቢ የመጣችበትን ስትነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

"መታወቂያሽን" አለች። አየችው። "ቀኝ እጅሽን አንሺ። በገዛ ፈቃድሽ ነው ስምሽን የምታወጪው?"

"በገዛ ፈቃዴ ነው። ወይዘሮ ቫንቹራ፣ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረውኛል፤ እኔም እወድዎታለሁ። ግን እዚያ ወረቀት ላይ ስሜ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

አርሊስ ማኅተሙን መታች። ድው! እኔ ልወጣ ተነሳሁ፤ እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ስትፈርሚ አይቼሻለሁ" አለች ለሼልቢ። "የሮንዳ ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። እንደ ሕጉ ወረቀቱን አንብቤ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ሰልፉ በዛና አላነበብኩልሽም። ለማንም አላነበብኩም በዚያን ቀን።" ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

በማግስቱ ጧት በመስኮት ሳይ፣ አርሊስ ወረቀቷንና ማኅተሟን ቦርሳ ከታ እያነከሰች ትወጣለች። በዚያ በዓል የፈረመላትን ሰው በር እያንኳኳች፣ ጽሑፉን ጮክ ብላ ታነብለታለች። "አሁን የሰማኸውን ነው የፈረምከው?" ትለዋለች። "አዎ፣ አንብበሽ አታድክሚኝ" ያላትን ታመሰግናለች። "ኧረ እኔ ሌላ መስሎኝ" ያላትን እዚያው በረንዳ ላይ አስምላ፣ ከራሷ ወረቀት ላይ ስሙን ታወጣለታለች። የራሷን ጎጆ በእጇ ስታፈርስ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ላይ ሳቅኩ፤ አልዋሽም። አሥራ ሰባት ስም ሄደባት፣ ሼልቢን ጨምሮ።

ማታ ይህንኑ እየሳቅኩ ሳወራ ሼልቢ ሹካዋን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ አንቺስ አነበብሽላቸው?"

"እኔ ምን አገባኝ! የእኛ እኮ—"

"አነበብሽላቸው ወይ ነው ያልኩሽ።"

አላነበብኩም። ሙዚቃው ለእኔም ጮኾ ነበር። "የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ፈርም" ብቻ ነበር የምለው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና፣ አርሊስን እየረገምኩ ወጣሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ስም ነበረኝ። ዘጠኙ የአርሊስ መስሏቸው ነው የፈረሙት! አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም "አንቺን አይቼ ሳይሆን ዛፉን አይቼ ነው የመጣሁት" አለኝ።

ዘጠኝ ሰው አስከትዬ ቢሮዋ ገባሁ። ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"ሙሽራ ነው እንዴ የምታጅቢው?"

"አፍሽን ዝጊና ማኅተምሽን አውጪ።"

ሳቀች። አርሊስ ስትስቅ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ለካ አራት ወር አላየሁትም። ዘጠኙንም አንድ በአንድ አስማለች፤ አንዱንም አላቻኮለችም። ስትጨርስ "ስንት ቀረሽ?" አለችኝ።

"በሁለት ጎደልኩ። አንቺስ?"

"በአሥራ አንድ።"

ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማስረከብ ስላለብንና ጉልበቷም ስላበጠ፣ በእኔ መኪና አብረን ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ ሁለቱንም ቆጠረች፤ የሁለታችንም አልሞላም። ኋላ በሌሎች አውራጃዎች ስለሞላ ሁለቱም ለሕዝብ ድምፅ ቀረቡ፤ ያን ዕለት ግን ይህን አናውቅም። አርሊስ መኪናው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። የሠራችበት ሁሉ ነው የሄደው። እኔም አለቀስኩ፤ ለራሴ ይሁን ለእሷ እንጃ።

መንገዱን አጋምሰን፣ በግራም በቀኝም በቆሎ ብቻ በሆነበት ቦታ፣ "ሮንዳ" አለችኝ። "የሼልቢ ሕፃን ስም ነበረው?"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። በዚያ ዓመት ስለ ልጄ ያልተናገረ አልነበረም። የእኔ ወገን በስብሰባ ላይ ታሪኳን ሲያወራ፣ የእሷ ወገን ሲጠራጠር ከረመ። የሕፃኑን ስም ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም ከቀበርነው ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም።

"ኤመት" አልኳት። "ኤመት ነበር የሚባለው።"

"ኤመት" አለች ቀስ ብላ። "እሁድ መጥቼ ልጠይቃት?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ደውይላት!"

ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው ደወለችላት።