የኤልሳ መዝሙር የቆመበት ቦታ

ጭሮ ውስጥ በጋሽ ኑሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የቀለም ብሩሽ ነበር። ጋሽ ኑሩ የአንድ ዴስክቶፕ ኬዝ ፈትተው ፊቴ አስቀመጡና፣ «አቧራውን ጥረግ፤ ሌላ ነገር እንዳትነካ» አሉኝ። ከውስጡ የወጣው አፈር ጎመን ይተከልበታል። ጠርጌ ስጨርስ አበራነው፤ አልነሣም። «ወላሂ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው የሞተው» አሉና ሳቁ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ያን ጊዜ ዋናው በሽታ የፍላሽ ቫይረስ ነበር። ከቦኬ፣ ከቦርደዴ፣ ከመቻራ የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ የየራሱን ይዞ ይገባል። ማጽዳቱ ሲሰለቸን ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ይህ ቫይረስ የማይነካውን ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት መጫን ጀመርን። ደንበኛው መጀመሪያ ይቆጣል፣ «የለመድኩት የት ሄደ?» ይላል። ሲቆይ ግን ማሽኑ እንደማይታመም ያይና ይመርቀናል።

ጋሽ በቀለ ከነዚህ ደንበኞች አንዱ ነበሩ። ከፍርድ ቤቱ አቅራቢያ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በተያያዘች ክፍል ማመልከቻና ውል ይተይባሉ። የቤተሰቡ እንጀራ የሚወጣው ከዚያች አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ኤልሳ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራን ጋር ታገለግላለች። አባቷ ከሥራ ሲያርፉ እሷ በማሽኑ መዝሙር ታጠናለች።

የማሽኑ ሜሞሪ ትንሽ ስለሆነ ባለ መስኮት ማጫወቻ ሲከፈት መተየቢያው ይንቀረፈፋል። ስለዚህ በጥቁር ስክሪን ላይ በትእዛዝ ብቻ የሚሠራ ማጫወቻ ልጭንላት ወሰንኩ። በቤታቸው ኢንተርኔት ስላልነበረ ፋይሉን ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አመጣሁ። «ጫን» ብዬ ሳዘው «ሌላ ፋይል ይጎድላል» ይላል። ያንን ሳመጣ ሌላ ይጠይቃል። ልጅ ሊጠይቅ እንደተላከ ሽማግሌ ስመላለስ ዋልኩ።

ኤልሳ ስክሪኑን አየችና፣ «በቃ ይሄ ነው? የሚጫኑት ነገር የታለ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ስሙን ጽፈሽ ጥሪው፣ በቀስት ምረጪ፣ በኪው ፊደል ዝጊው። አለቀ» አልኳት።

«እኔ የማጠናው ስንኝ በስንኝ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ራሱ ካቆምኩበት ቢጀምርልኝስ?»

ሲከፈት በሚነበበው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩላት። ከዚያ ወዲህ በኪው በዘጋችው ቁጥር ማጫወቻው ያቆመችበትን ቦታ በአንድ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይመዘግባል። ማሽኑ ሲበራም ከዚያው ይቀጥላል።

በዚያው ዓመት ከመዘምራኑ ጋር ለአገልግሎት ወደ መቻራ ሄደች። ሲመለሱ መኪናቸው ከመንገድ ወጣ። ከተሳፈሩት መካከል የሞተችው እሷ ብቻ ነበረች። ቀብሯ ላይ ጓደኞቿ መዝሙር ጀምረው መጨረስ አቃታቸው። እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከቀብሩ በኋላ ጥቂት ሰነበተና ጋሽ በቀለ ወደ ሱቃችን መጡ። ጋሽ ኑሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «በቄ፣ ማል ተኤ? ምን ሆንክ?» አሏቸው።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። በከፈትኩት ቁጥር ያው መዝሙር፣ ያው ስንኝ ላይ ይነሣል። መዝጊያውን አላውቀው፣ ገመዱን ከግድግዳ እነቅለዋለሁ። ሐዘን ቤት ነው እኮ! ልጁን ቀብሮ መዝሙር ከፍቶ ይተይባል አይሉኝም?»

በእኛ ከተማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም። የጋሽ በቀለ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አትከለክልም፤ እሳቸው ግን የጎረቤትን ጆሮ ፈሩ። ስፒከሩ ኬዙ ውስጥ የተገጠመ ስለነበረ ነጥለው ሊያወጡት አልቻሉም። ማሽኑን መክፈት ስለተዉ ሥራው ቆሟል፤ ባለጉዳዩም ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀምሯል። ገመድ ከግድግዳ የሚነቅል ደንበኛ ደሜን ያፈላዋል። ያን ቀን ግን ምን ብዬ ልቆጣ?

ቤታቸው ስደርስ የኤልሳ እናት እትዬ ዓለሚቱ ጥቁር ለብሰው ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል። «ከነሥሩ ንቀልልኝ፤ ምንም እንዳይቀር» አሉኝ ጋሽ በቀለ። ማሽኑን አበራሁት። መዝሙሩ ከስንኙ መካከል ጀመረ።

«ጋሽ በቀለ፣ አልተበላሸም» አልኳቸው። «ቦታውን የሚመዘግበው በሥርዓቱ ሲዘጋ ነው። እርስዎ ገመድ ሲነቅሉ አይመዘግብም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚነሣው ኤልሳ መጨረሻ ከዘጋችበት ነው።»

«እጇን ያነሣችበት ነው?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ጋሽ በቀለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ እኮ ስረግመው ነበር የቆየሁት» አሉ።

ማጫወቻውን ብቻ ማንሣትም፣ ከተደበቀው ፎልደር ጋር ማጥፋትም እንደሚቻል ነገርኳቸው። «ፎልደሩን ካጠፋሁት ቦታው አይገኝም። መዝሙሩ ሌላም ጋ አለ።»

«እንዳትነካው!» አሉ እናቷ። ጋሽ በቀለ ወደ እሳቸው አዩና፣ «ማጫወቻውን ብቻ አንሣ» አሉኝ።

በኪው ብዘጋው አዲስ ቦታ ይመዘግባልና በሌላ ትእዛዝ በግድ ማስቆም ነበረብኝ። በእኛ ሙያ ይህ ፕሮግራም «መግደል» ይባላል። በዚያ ቤት ቃሉን ከአፌ አላወጣሁትም፤ ትእዛዙን ብቻ ጻፍኩት። ቀጥሎ የማንሻውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ማሽኑ «ይነሣ?» ብሎ ጠየቀ፤ «አዎ» አልኩት። አጥፍቼ ሳበራው ድምፅ የለም።

«ዝም አለ» አሉ እትዬ ዓለሚቱ፤ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። የተጠራሁት ለዚያ ዝምታ ነበር፤ ሲመጣ ግን ጠላሁት። ጋሽ በቀለ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሲተይቡ ዋሉ።

ዓመቱ ሲሞላ እትዬ ዓለሚቱ ራሳቸው ሱቃችን መጡ። ጥቁሩን አውልቀዋል። «መልስልኝ» ነው ያሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጋሽ ኑሩ፣ «ሂድ፣ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ፋይሎቹን በፍላሽ ይዤ ሄድኩና ጫንኩ። ማሽኑ ሲበራ ማጫወቻውን የሚጠራው መስመር እንዳለ ነበር። በስሙ ስጠራው ከኤልሳ ስንኝ ተነሣ። ጋሽ በቀለ የያዙትን ወረቀት አስቀመጡ። መዝሙሩ ገመድ ይነቅሉበት የነበረውን ቦታ አልፎ ቀጠለ።

«ይሄንን ገና አላጠናችውም ነበር» አሉ እናቷ።

ሲያልቅ ኪው ልጫን እጄን ዘረጋሁ። «ስትዘጋው ቦታዋ ይሄዳል?» አሉኝ።

«ይሄዳል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ተወው።»

ቦታው እንዳይለወጥ ፎልደሩን መቆለፍ እንደምችል ነገርኳቸው። «እንደተወችው ይሁን፤ የሰው እጅ አይግባበት» አሉ። እንዲህ ከሆነ ማሽኑን በሥርዓት ማጥፋትም ቦታውን ስለሚለውጥ ወደ እሷ ስንኝ የሚመለሰው መብራት በድንገት ጠፍቶ ማሽኑ እንደገና ሲበራ ብቻ ነው አልኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኛ ከተማ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ እኛም አብረን እንራገማለን። እትዬ ዓለሚቱ ግን በራቸው ላይ ቁጭ ብለው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን መብራት በጠፋ ሰዓት በዚያ ሳልፍ፣ «ዛሬስ ሳይጠፋ ቆይቶብኝ ነበር፤ ይኸው ጠፋልኝ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ይህን ሥራ ለያዛችሁ ወጣቶች፦ ፕሮግራም አንሡ ስትባሉ ፕሮግራሙን ብቻ አንሡ። የቤቱን ሰው ሁሉ ሳትጠይቁ ፎልደሩን አትሰርዙ።