የእትዬ ጽጌ ነጭ መኪና

ሰሞኑን የቢሯችንን በሮች ነጭ ቀለም እየቀቧቸው ነው። ከሰዓት በኋላ የዘይት ቀለሙና የቲነሩ ሽታ ተቀላቅሎ ጠረጴዛዬ ድረስ ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል፤ እኔ እቀመጣለሁ። ሽታውን ወድጄው አይደለም፤ መነሣት ሰልችቶኝ ነው። ዘንድሮ ብዙ ነገር ሰልችቶኛል፤ ከሁሉም በላይ ለቅሶ መድረስ። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ስልኬ በማለዳ ከጮኸ ካደግኩበት ከመሐል ሜዳ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የቀለሙ ሽታ ግን እነዚህን ሁሉ ለቅሶዎች አልፎ ወደ መጀመሪያው ይወስደኛል፤ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ጽጌ።

እትዬ ጽጌ ሱፍ ፈትለው ኮፍያና ካልሲ እየሠሩ ገበያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ምላሳቸው ደግሞ ከእጃቸው ይብሳል። ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ የአንድ የውኃ ፕሮጀክት ሾፌር ነበሩ፤ የሚነዱትም ኋላው ረዘም ያለ ነጭ ስቴሽን ዋገን። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከካፖርታቸው ኪስ መዳፍ የምታህል ቀይ የብረት ስቴሽን ዋገን አውጥተው ሰጡኝ። ስትነካ የምትቀዘቅዝ፣ ስትነሣ ከበድ የምትል፣ ጎማዎቿ የምር የሚሽከረከሩ። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች «ለሴት ልጅ መኪና ምን ያደርግላታል?» እያሉ አጉረመረሙ፤ እኔም ሆን ብዬ እነሱ በተቀመጡበት ደጃፍ ነዳኋት።

ጋሽ ታደሰ ታመው አዲስ አበባ ሄዱ፤ እዚያው ሞቱ፣ እዚያው ተቀበሩ። እትዬ ጽጌ መርዶው የተነገራቸው ከቀብሩ በኋላ ነው። ለቅሶው በጋሽ ታደሰ ትውልድ አገር በቀየት እንዲሆን ተወሰነ። በእኛ ወግ፣ በለቅሶው ሜዳ መካከል ሟቹ ይገለገልበት የነበረ ነገር ይቆማል፤ የተጫነች በቅሎው፣ ጠመንጃው፣ ካባው። ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። የጋሽ ታደሰ አባት የራሳቸውን በቅሎ ሊጭኑ፣ ጠመንጃም ከዘመድ ሊዋሱ ተሰናዱ።

«እሱ እኮ በቅሎ ላይ ወጥቶ አያውቅም» አሉ እትዬ ጽጌ ሽማግሌዎቹን። «ጠመንጃም ይዞ አያውቅ። የሌላ ሰው ለቅሶ ልታስለቅሱኝ ነው?»

መኪናውን ከመሥሪያ ቤቱ ለመኑ፤ ለሌላ ሾፌር ተሰጥቷል ተባሉ። ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጥተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ። «የኔ ልጅ፣ መኪናሽን ስጪኝ። እመልስልሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አሉኝ። ልጅን እንዲህ አድርጎ የለመነ ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ሰጠኋቸው፤ ከዚያም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በየቀኑ እየሄድኩ አየሁ። ቀዩን ቀለም በምላጭ ፋቁት። የጎረቤት መስኮት ከተቀባበት ቆርቆሮ ግርጌ ነጭ ቀለም ለምነው በዶሮ ላባ ቀቡት። በመንዝ ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ከምድጃው አጠገብ ቢያስቀምጡት ጭሱ መታውና አመድማ ሆነ። እኔ ተበላሸ ብዬ ስደነግጥ «መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል? ካጠበው ማግስት አይደል አቧራ የሚለብሰው» አሉ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ቆርጠው ጣራው ላይ ፖርቶመጋላ ሠሩለት፤ ከአሮጌ በረባሶ ቅያሪ ጎማ ቆርጠው ጫኑበት። ጋሽ ታደሰ አንድ ጊዜ ከድልድይ ጋር ያጋጩትን የግራ ጎን በምስማር ጫፍ መትተው አጎደጎዱት። ጋሽ ታደሰ ለብርዱ ብለው የመኪናው ወንበር ላይ ያነጥፉት የነበረውን የበግ ቆዳ አልረሱም፤ ከጥቁር ግልገል ቆዳ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመስኮቱ አሾልከው አነጠፉ።

የአሻንጉሊቷ በር ግን አይከፈትም ነበር፤ የተሣለ መስመር ብቻ። እትዬ ጽጌ የብረት መጋዝ ተውሰው የሾፌሩን በር መቁረጥ ሲጀምሩ «ኧረ ትሰበራለች!» ብዬ ጮኽኩ።

«ይከፈት» አሉ ቀና ሳይሉ። «በሩ ተዘግቶማ ሰው መቅረቱ በምን ይታያል?»

በለቅሶው ቀን በሜዳው መካከል ነጠላቸውን አጥፈው አነጠፉና መኪናዋን፣ በሯን እንደከፈተች፣ እላዩ ላይ አቆሟት። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ ከኋላ የሳቀም ነበር። የጋሽ ታደሰ አባት ቀርበው «ይህን መጫወቻ አንሺ! ልጄን መሳቂያ አታድርጊው» አሏቸው። እኒያ ምላሳም ሴት ከመኪናዋ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም።

አልቃሿ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ነበሩ። ተጠግተው ጎንበስ አሉ፤ የተከፈተውን በር፣ ከዚያ ባዶውን ወንበርና የበጉን ቆዳ ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው፦

«ገብስ ነው ድርቆሽ ነው፣ ምኑን ላቅርብላት፣
ብቻዋን መጣችኝ፣ ጌታዋ የሌለባት።»

ሜዳው በእንባ ተናወጠ። አባትየው ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጣታቸውን በበሩ አስገብተው ቆዳውን ዳሰሱት። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ መኪናዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ። እትዬ ጽጌም አልከለከሏቸው።

እትዬ ጽጌ አምና ዐረፉ። እኔም ሥራ በዝቶብኝ ሳልስት ደረስኩ፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር ለቅሶ መሐል ሜዳ ወረድኩ። ወጣት ነው፤ ሚስቱም ገና ልጅ ናት። ከመንገዱ ድካም የተነሣ ማልቀስ እንኳ አቅቶኝ ዳር ተቀመጥኩ። ጓደኞቹ ሚኒባሱን አጥበው ሜዳው መካከል አቁመውታል፤ የሾፌሩ በር ተከፍቷል፣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። አጠገቤ የነበረውን ወጣት ይህ ወግ ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ድሮም እንዲሁ ነው፤ የሾፌር ለቅሶ በመኪናው ነው» አለኝ፣ አገሩን የማላውቅ ሰው እንደሆንኩ ሁሉ።

ሚስቲቱ በሩ ሥር ቆማ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ ነበር። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ጠበቋት፤ ተነሺ፣ በቃሽ ያላት የለም። ሲበቃት በሩን ራሷ ዘጋችው።