የተኛው የአባባ አበባ

ዛሬ ጠዋት የደረቀው ግንድ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ቡቃያ አየሁ። ቆሜ ቀረሁ።

ከጥቅምት ጀምሮ ቅጠሉን አራግፎ ተኝቶ ነበር። የከተማችንን የንፋስ መውጫን ውርጭ እንኳን የቆላ አበባ እኛም አልቻልነው!

ፕሉሜሪያ ይባላል። አባባ በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ከባሕር ዳር ቆርጦ ያመጣው ነው። በዚያው ዓመት ብርዱ ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍ እማማ ታሟል ብላ በየማለዳው ጸበል ታጠጣው ጀመር። ከሥሩ በሰበሰ።

አባባ ጸበሉን ሊያማ አልደፈረም። «የዘር ገብስ ጎተራ ውስጥ ሳለ ውሃ ይጠጣል?» ብቻ አላት። ደህናውን ጫፍ ቆርጦ፣ የተቆረጠበትን አድርቆ፣ ከዘሩ ጎን ጭድ ውስጥ አስተኛው። ግንቦት ላይ ተከለው፤ በቀለ።

ዘንድሮም ከነማሰሮው ቤት አስገብቼ ጠብታ ውሃ ከለከልሁት። ልጄ «እማዬ፣ ማገዶ እኮ ነው የምትጠብቂው» ስትለኝ ከረመች።

ዛሬ ቡቃያውን ሳሳያት ሄዳ ውሃ በጣሳ ቀዳች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ «አሁንስ ይጠጣ?» አለችኝ።

አባባ ካረፈ ስንት ዘመኑ! እጁ የቆረጠው ግን ዛሬም ነቃ።

እናንተስ ቤት፣ ሞቷል ብላችሁ ልትጥሉት ስትሉ የነቃ ተክል አለ?