ውባየሁ ስፒከር ሲያዛውር

ባሌ ውባየሁ ቁጭ ብሎ አንድ እንጀራ ጨርሶ አያውቅም። ይጎርሳል፣ ይነሳል፣ የሆነ ነገር ነካክቶ ይመለሳል፣ ይጎርሳል፣ ደግሞ ይነሳል። ዘመሮ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል፤ ሱቁም ውስጥ ያው ነው፣ አንዱን ፈቶ ሳይገጥም ሌላውን ይፈታል። እጁ አዋቂ ስለሆነ ሰው ይታገሠዋል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ታግሻለሁ። ካለፈው ሚያዝያ እስከ ሰኔ ያሳየኝን ፍዳ ግን ለጠላቴም አልመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔም አባት የሱም አባት መሪጌታ ናቸው። የሱ አባት መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በደብራችን ማኅሌት ቀኙን ወገን ይመሩ ነበር፤ አባቴ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ግራውን። ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ይቆማል፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ሠላሳ ዓመት ሲቀባበሉ ኖረው ነው እኔንና ውባየሁን ያጋቡን። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ በንግሥ ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ እያየ ወረቡ ፈረሰ። ቀኙ ሮጠ፣ ግራው ወደ ኋላ ቀረ፣ ዜማው ተደበላለቀና ሁለቱም ወገን በኀፍረት ዝም አሉ። አባቴ "እሳቸው በትዕቢት አስሮጡ" አሉ። አባባ፣ አማቼን እንዲህ ነው የምጠራቸው፣ "እሳቸው በተንኮል ጎተቱ" አሉ። ያን ጊዜ ውባየሁ ዲያቆን ነበር፤ መሐል ቆሞ ከበሮ የመታው እሱ ነው። ሽማግሌ ሲጠይቀው "ቀኞቹ ሲሮጡ እኔም ተከተልኋቸው" አለ። በገዛ አባቱ ላይ መመስከሩ ነው። አባባ ግን "ልጄ ቢከተለኝ ትክክል ብሆን ነው" ብለው ያንኑ ምስክርነት ለራሳቸው አደረጉት። አባቴ በሳምንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ቀየት በሚባል አገር ወዳለ ደብር ሄዱ፤ ውባየሁም ብዙ ሳይቆይ አገልግሎቱን ትቶ ሬዲዮ መፍታት ጀመረ።

ሰባት ዓመት! በዚህ ሁሉ ዘመን አባቴ ደጄን አልረገጡም። መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ስንት ስለት ተስለን፣ ቤተልን ወለድሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ አባቴ መጥተው እንዲያቅፏት ለምኜ ላክሁባቸው። መልሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "መርስዔ ኃዘን ያፈረሱት እሳቸው መሆናቸውን በፊቴ ሳያምኑ በዚያ ደጅ አልገባም። ልጅቱን እግዚአብሔር ያሳድጋት።" ያን ቀን አለቀስሁ፤ ከማልቀሴም ይልቅ ተናደድሁ። እኔ ልጅ ወልጄ ተኝቻለሁ፣ እነሱ ስለ አንድ ወረብ ይነታረካሉ!

የንስሐ አባታችን ቄስ ኃይለ ኢየሱስ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያሉ ሁለቱን ለምነው ለምነው ሰልችቷቸው ነበር። እንደ ዕድል፣ ያኔ ዲያቆን የነበረውና አሁን ደብረ ብርሃን የሚያስተምረው አንዷለም ያን ዕለት ማኅሌቱን ቀድቶ ኖሯል፤ ለዚያውም በሁለት ማይክ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አቁሞ። በፍላሽ ላከልን። ቄስ ኃይለ ኢየሱስም "እንግዲያው ቅጂው ይፍረድ" አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ፤ ሁለቱም እንደሚያሸንፉ እርግጠኞች ነበሩ። ቀን ተቆረጠ፤ ቤተል ሰባ ሰባት ቀን ሲሞላት አባቴ ከቀየት መጥተው እኛ ቤት ሊያዳምጡ።

በሞባይል ከፍተን ብንሰማው ምን ሰው ይለየዋል! ሁሉም አንድ ላይ የተበጠበጠ ነው። ውባየሁ ከአንድ የተዘጋ ሆቴል የገዛቸውን ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ከሱቅ አስመጣ። እኔን የሚያህሉ ናቸው። "ቀኝና ግራው በደንብ ተለይቶ መሰማት አለበት፤ ጨዋታው አቀማመጡ ላይ ነው" አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቴ ቤት አልሆነም።

መጀመሪያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ማኅሌት እንደሚቆመው አቆማቸው! አንዱን በቀኝ ግድግዳ፣ አንዱን በግራ፣ ፊት ለፊት አፋጦ አባባን መሐላቸው ዱካ ላይ አስቀመጣቸው። የደብተራ ልጅ፣ ሌላ አቋቋም ከየት ያውቃል? አባባም የለመዱት ነውና ዱካቸውን ሳብ ሳብ እያደረጉ ወደ ቀኙ ተጠጉ፤ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው የራሳቸውን ወገን ብቻ ሰምተው ተነሡ። "ይኸው! ምን እንከን አለብን?" ብለው ወጡ። አባቴም ቢመጡ ወደ ግራው ተጠግተው ይህንኑ እንደሚሉ አወቅሁት።

ቀጥሎ ሁለቱንም ወደ አንድ ግድግዳ አዛውሮ መደብ ላይ፣ ከየጥጉ ወሸቃቸው። እሱ ደግሞ ባሰ። ከበሮው እንደ ነጎድጓድ ሆነ፤ መደርደሪያ ላይ ያለው ብርጭቆ ተንጫጫ፣ ቤተል ደንግጣ ጮኸች። "ጥግ ድምፅ ያሳብጣል" አለና ወደ ፊት ሳባቸው። ከመደብ አወረዳቸው፤ ዝቅ አሉ ብሎ እንጨት ደረደረላቸው፤ ከፍ አሉ ብሎ አነሳው። "አመተሥላሴ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። ምን ሰማሽ?" ይለኛል።

"ራሴን ሲፈልጠኝ ሰማሁ።"

"እስቲ አንድ ክንድ ወደ ኋላ በይ።"

"ልጅ እያጠባሁ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!"

"ጡቷን እንደያዘች በይ።"

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ እናቴ በሠርጌ የሰጠችኝን ባና ግድግዳ ላይ በምስማር ቸንክሮት አገኘሁት። ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፤ በመንዝ ብርድ ስንት ክረምት ያሳለፈኝ። "ድንጋዩ ድምፁን እየመለሰ ያምታታብናል፤ ጠጉር ይውጠዋል" አለ። "አንተን ይዋጥህ!" አልሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ባናው ከተሰቀለ በኋላ ቤቱ ረጋ አለ፤ ያን ቀን ግን ይህን ለሱ አልነገርሁትም። በማግሥቱ በፈትል ክር መለካት ጀመረ። ከአንዱ ስፒከር እስከ ሌላው ስንት ክንድ እንደሆነ ይለካል፤ ያንኑ ያህል ከሁለቱም ወደሚቀመጠው ሰው ይለካል፤ ፊታቸውን ወደዚያ ሰው ትንሽ ያዞራል፤ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ሌሊት እንቅልፍ የለው፣ ቀን እህል የለው። እኔም ከሱ ተጋባብኝ። ወጥ አሳርራለሁ፣ በር ከፍቼ እረሳለሁ፣ ቀን እቆጥራለሁ። ሰባ። ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት።

በሰባ አምስተኛው ቀን ጧት ውኃ ቀድቼ ስገባ ውባየሁ ቀኙን ስፒከር አቅፎ ወደ ጥግ ሲመልሰው ደረስሁበት።

"ደግሞ ምን ሆነ?"

"እዚያው ይሻላል።"

"ጥግ ያሳብጣል ያልኸው አንተ አይደለህ?"

አላየኝም። ውባየሁ ሲዋሽ መሬት ያያል፤ አሁን መሬቱን ሊቀድደው ደረሰ። እንስራዬን አስቀምጬ በሩን ዘጋሁት። "መልሰህ ምልክቱ ላይ አቁም። አሰማኝ" አልሁት። እምቢ ሊል ፈለገ፤ ፊቴን አየና መለሰው።

ተቀምጬ ሰማሁ። ወይ ጉድ! ቀኞቹ በቀኝ ቆሙ፣ ግራዎቹ በግራ። የአባባን ድምፅ ለየሁት፤ የአባቴንም ለየሁት፣ ሰባት ዓመት ቤቴ ውስጥ ያልተሰማ ድምፅ ነው። መሐል ደግሞ፣ ባዶ ግድግዳ ብቻ ባለበት፣ ጥርት ያለ ከበሮ ይመታል። ሰው የቆመ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ ማንም የለም። በዝግታ እየተመታ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና የዝግታው ክፍል ሳያልቅ ድንገት ፈጠነ። ከበሮው ብቻ። ቀኞቹ ገና በዝግታው ላይ ናቸው። ሁለት ምት ቆይተው አባባ ተደናግጠው ተከተሉት። አባቴ በዝግታው ጸኑ። ከዚያ ሁሉም ፈረሰ።

ዘጋው።

"ቀድሜ ነው የገባሁት" አለ። "ተከተልሁ ብዬ ነበር የማምነው። በእግዚአብሔር ስም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።"

"ሰባት ዓመት!" አልሁት። ጮኼበት መሰለኝ፤ ልጅቷ ነቃች። "አባቴን ሰባት ዓመት የከለከልኸኝ አንተ! ስታመም ማን ነበረኝ? ምጥ ሲይዘኝ ማን አጠገቤ ነበር?"

"ጥግ ላይ ካለ አይለይም" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለቱም ምንም አይለዩም። ቄስ ኃይለ ኢየሱስ 'እንግዲያው ይቅር ተባባሉ' ይሏቸዋል፤ ይታረቃሉ። ይህ ከተሰማ ግን አባትሽ መቼም ቤቴ አይገቡም። የኔስ አባት ምን ይሉኛል?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ይህ ሰው የገዛ እጁን ለመስማት ሰባት ዓመት ፈጀበት። አሁን ደግሞ ሊደፍነው ነው። የባሰው እኔም መፈተኔ ነው። ልጄ ክርስትና ስትነሣ አባቴ ቆመው ማየት ነበር የምፈልገው፤ በእውነት ይሁን በውሸት ግድ አልነበረኝም። ለዚያውም የባሌ ስም ነው፤ ስሙ ቢጠፋ የልጄም ነው። "እንዳሻህ አድርግ" አልሁትና ልጄን አንሥቼ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም።

በተቆረጠው ቀን አባቴ መጡ። ከስተዋል፣ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ደጅ ላይ ጉልበታቸውን ስሜ "ይግቡ አባቴ" ብል "ለማዳመጥ ነው የምገባው" አሉኝ፤ እጄ ላይ ያለችውን ቤተልን አይተው እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን መለሱ። ቄስ ኃይለ ኢየሱስ መሐል ገብተው ሁለቱን አዛውንት ጎን ለጎን ዱካ ላይ አስቀመጧቸው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ስፒከሮቹን ነው። ጥግ ናቸው።

ውባየሁ ከፈተው። ነጎድጓዱ ቤቱን ሞላው፤ ቅልቅል ያለ ጩኸት ሆነና እዚያች ቦታ ሲደርስ ፈረሰ።

"ሰማችሁ? ሲጎትቱ!" አሉ አባባ።

"ሲያስሮጡ ነው እንጂ! ጆሮ የለዎትም እንዴ?" አሉ አባቴ።

"ልቡና የሌለዎት እርስዎ!"

ቄስ ኃይለ ኢየሱስ "ኧረ ስለ እመብርሃን!" ቢሉ ማን ይስማቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። "ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ ለልጅሽም እጸልያለሁ" አሉኝና ወደ በሩ ዞሩ። ውባየሁን አየሁት። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

"መሪጌታ፣ ትንሽ ይቆዩኝ" አላቸው።

ቀኙን ስፒከር አቅፎ አመጣና የጠመኔው ምልክት ላይ አቆመው። ግራውንም አመጣ። ክሩን ዘርግቶ ለካ፤ ፊታቸውን አዞረ። የሽማግሌዎቹን ዱካ መሐል ላይ አጠጋግቶ "እዚህ ይቀመጡልኝ። ሁለታችሁም ወደ ማንም አትጠጉ" አለ። አባቴ ቄሱን አዩ፤ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው፤ ተቀመጡ። ውባየሁ ከፈተና እንደ ተከሳሽ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ከበሮው ባዶው ቦታ ላይ መጣ። ሁለቱም አዛውንት እኩል ቀና አሉ። ሲፈጥን አባባ መቋሚያቸውን ጨብጠው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ሲፈርስ፣ "ድገመው" አሉ አባቴ። ደገመው። "ድገመው" አሉ አባባ። ደገመው።

አባባ ከዱካቸው ተነሡና ወደ አባቴ ዞረው ዝቅ አሉ። "መሪ ነኝ ብዬ የልጅ ከበሮ ተከተልሁ። እርስዎ ጸንተው ኖሯል። ይቅር ይበሉኝ ወንድሜ" አሉ። አባቴም "እኔም ትዕቢት ነው ብዬ ስምዎን አጠፋሁ" ብለው ትከሻቸውን ያዟቸው። ተሳሳሙ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ እኔም አለቅሳለሁ።

ውባየሁ የወጣው መቼ እንደሆነ አላየሁም። ሲመለስ ከግቢያችን ካብ የነቀለውን ድንጋይ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው፣ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ነበር። ገብቶ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ጎንበስ ብሎ ቆመና "አጥፍቻለሁ። በሐሰትም መስክሬያለሁ። ዛሬም ልደብቃችሁ ነበር" አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። "አውርድ" የሚል ጠበቅሁ። ማንም አላለም።

"እሱ ይቆይ" አሉ አባባ። "ቀኙን ይልቀቁልኝ፣ መሪጌታ፤ ወረቡን እንጨርሰው።"

አባቴ አለፍ ብለው በግራ ቆሙ። አባባ በቀኝ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያንን ወረብ ከፈረሰበት አነሱት። አባቴ ተቀበሉ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከበሮ የለም፤ መቋሚያ ብቻ። እየተቀባበሉ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ፣ በዝግታ ቀጠሉ። ውባየሁ መሐላቸው እንደ ጎበጠ ቆሟል፤ ድንጋዩ ቆዳውን ፍቆ በአንገቱ ላይ ደም አየሁ። ሄጄ ልቀበለው ብል ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ክንዴን ያዙኝ። ሽማግሌዎቹም አልቸኮሉለትም፤ እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

ሲጨርሱ አባባ "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ አውርድ" አሉት። አባቴም "ይፍታህ" አሉ። ድንጋዩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ቤተል እቅፌ ውስጥ ደንግጣ ጮኸች። አባቴ መቋሚያቸውን ለአባባ አስያዙና ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ነይ እስቲ፣ ልጄን ስጪኝ" አሉ።